ከእንጦጦ ቁልቁል፦ የሰፈራችሁን መንገድ ፍጥነት ለማስቀነስ

ከእንጦጦ ማርያም ወደ ሽሮ ሜዳ የሚወርደው አስፋልትም ሆነ በየካ በኩል በፈረንሳይ ለጋሲዮን አካባቢ ያሉት ቁልቁለቶች፣ ሹፌሩ ነዳጅ ባይረግጥም መኪናውን ያስሮጡታል። በእነዚህ መንገዶች ላይ ማን እንዳለ ደግሞ የሰፈሩ ሰው ያውቀዋል፦ ጎህ ሳይቀድ ልምምድ የሚጀምሩ ሯጮች፣ የባህር ዛፍ ጭራሮና ቅጠል ተሸክመው ጎንበስ ብለው የሚወርዱ እናቶች፣ አህያ የሚነዱ ልጆች፣ በ16 ለኪዳነ ምሕረት በ21 ለማርያም ነጠላቸውን አጣፍተው የሚወጡ ምእመናን፣ ቦርሳ ያዘሉ ተማሪዎች። መስከረም 30 ቀን 2013 ዓ.ም. የእንጦጦ ፓርክ ከተመረቀ ወዲህ የቅዳሜና የእሁድ መኪና ተጨምሮበታል።

ይህ መመሪያ በእንዲህ ዓይነት መንገድ ዳር ለምትኖሩ ነው። ከመነሻው አንድ አቋም ልያዝ፦ ሹፌር የሚነዳው በአብዛኛው መንገዱ በፈቀደለት ልክ ነው። ሰፊ፣ ቀጥ ያለና ቁልቁል የሚወርድ አስፋልት «ና ሩጥ» ይለዋል፤ ከጎኑ «ቀስ ብለህ ንዳ» የሚል ባነር ብትሰቅሉ አስፋልቱ ያሸንፋል። ስለዚህ ጉልበታችሁን ሹፌር በመገሠጽ ላይ አትጨርሱት። ጥያቄያችሁ ለመንገዱ ባለቤት ይቅረብ፣ የምትጠይቁትም የመንገዱን መልክ መቀየር ይሁን።

በመጀመሪያ፣ መንገዱ የማን ነው?

ብዙ አቤቱታ የሚቀረው በተሳሳተ በር ስለሚገባ ነው። እንጦጦ በስም አንድ ቢሆንም በአስተዳደር ተከፋፍሏል። እንጦጦ ማርያምና ሽሮ ሜዳ በጉለሌ ክፍለ ከተማ ሥር ናቸው፤ ፈረንሳይ ለጋሲዮን በየካ ሥር ነው። ድንበር አካባቢ ከሆናችሁ አንዱ ወደ ሌላው ሲያመላልሳችሁ ወራት ስለሚያልፍ፣ መንገዱ በየትኛው ወረዳ እንደሚቆጠር ገና ሳትጀምሩ ወረዳ ጽሕፈት ቤት ሄዳችሁ አረጋግጡ።

ከዚያ ደግሞ ሥራው ይከፋፈላል። ዋና ዋናውን አስፋልት የሚሠራውና የሚጠግነው የአዲስ አበባ ከተማ መንገዶች ባለስልጣን ነው። የትራፊክ ምልክት፣ ዜብራ፣ የፍጥነት መቀነሻ የመሳሰለውን የሚያጠናውና የሚያስተዳድረው የከተማው ትራፊክ ማኔጅመንት ባለስልጣን ነው። ጥፋተኛን የሚይዘው ትራፊክ ፖሊስ ነው። መንገዱ የውስጥ ለውስጥ ኮብልስቶን ከሆነ ክፍለ ከተማውና ወረዳው ይመለከታቸዋል። ደብዳቤያችሁ ለአንዱ ተጽፎ ለሌሎቹ በግልባጭ ይድረስ፤ ይህን ካደረጋችሁ «እኛን አይመለከትም» የሚለው መልስ ግማሽ ጉልበቱን ያጣል።

ለኩ

«መኪኖች እንደ እብድ ይከንፋሉ» የሚል ማመልከቻ በየቢሮው ሞልቷል። እናንተ ይዛችሁ የምትሄዱት ቁጥር ይሁን። ራዳር አያስፈልጋችሁም፤ ረጅም ሜትርና ሰዓት መያዣ ያለው ስልክ ይበቃል።

ከታች እስከ ላይ በደንብ የሚታይ 100 ሜትር ቦታ ምረጡ። ጫፍና ጫፉን በመብራት ምሰሶ፣ በበር ወይም በግንብ ላይ ለዩት፤ አስፋልቱን መቀባት አያስፈልግም። አንዱ ሰው በመነሻው ሆኖ የመኪናው የፊት ጎማ ሲያልፍ እጁን ያውለበልባል፣ ሌላው በመጨረሻው ላይ ሆኖ ሰዓቱን ያስጀምርና ጎማው ሲደርስ ያቆማል። ሒሳቡ ቀላል ነው፦ 360ን ለሰኮንዱ አካፍሉ፣ የሚመጣው በሰዓት ኪሎ ሜትር ነው። 12 ሰኮንድ ከፈጀበት 30፣ 9 ሰኮንድ ከሆነ 40፣ 7.2 ከሆነ 50፣ 6 ሰኮንድ ከሆነ 60 ኪሎ ሜትር በሰዓት እየነዳ ነበር ማለት ነው። 100 ሜትር ካጣችሁና 50 ሜትር ብቻ ከተገኘ 180ን አካፍሉ፤ ያኔ ግን የእጅ ስህተቱ ስለሚጎላ ብዙ መኪና ለኩ።

ሦስት ጥንቃቄ አለ። አንደኛ፣ የምትለኩት ከፊቱ ምንም የሌለበትን መኪና ብቻ ነው፤ ከአንበሳ አውቶቡስ ኋላ የሚያዘግመው ስለ መንገዱ ምንም አይነግራችሁም። ሁለተኛ፣ ቢጫ ሰደርያ ለብሳችሁ ወረቀት ይዛችሁ ከቆማችሁ ሁሉም ፍሬን ይይዛል፤ ሱቅ በር ላይ እንደተቀመጠ ሰው ሁኑ። ሦስተኛ፣ ይህ የኤምባሲ ሰፈር ነው። በሽሮ ሜዳ በኩል የአሜሪካ፣ በፈረንሳይ ለጋሲዮን የፈረንሳይ ኤምባሲ አለ፤ በዙሪያቸው ስልክ ደቅኖ መቅረጽ ከጥበቃ ጋር ያጣላል። አስቀድማችሁ ለወረዳውና ለአካባቢው ፖሊስ አሳውቁ፣ ቪዲዮውንም ተዉት።

ቀኑን ለያዩ። ተማሪ የሚወጣበት ከጠዋቱ 1 ሰዓት እስከ 2 ሰዓት ተኩል አንድ መልክ አለው፤ እሁድ ረፋድ፣ የፓርኩ ጎብኚ በሚበዛበት ጊዜ፣ ሌላ መልክ፤ ከምሽቱ 2 ሰዓት በኋላ፣ መንገዱ ባዶ ሲሆን፣ ከሁሉም የባሰው ሊሆን ይችላል። በእያንዳንዱ ጊዜ 100 መኪና ብትለኩ ጥሩ መሠረት ይሆናችኋል። ከጎኑ ዓይነቱን ጻፉ፦ የቤት መኪና፣ ሚኒባስ፣ አይሱዙ፣ ሲኖትራክ፣ ሞተር ሳይክል። ታርጋ አትመዝግቡ። ዓላማው ሰው ማስቀጣት አይደለም፤ ታርጋ የተጻፈበት ወረቀት ደግሞ ሰፈር ያባላል። (ከፈጣኖቹ መካከል የራሳችሁ ጎረቤት መኖሩ አይቀርም። የእድሩ ዳኛ ራሱ ሊሆንም ይችላል።)

መቶውን ፍጥነት ከትልቁ ወደ ትንሹ ደርድሩ። ከላይ 15ቱን ቁጠሩና ተዉ፤ 16ኛው ላይ ያለው ቁጥር መሐንዲሶች የሚፈልጉት ነው። ከመቶ ሹፌር 85ቱ ከዚያ ፍጥነት አይበልጡም ማለት ነው፤ መንገዱ «የፈቀደው» ፍጥነት ተብሎ የሚወሰደውም እሱ ነው። ይህን አንድ ቁጥር ይዛችሁ ስትቀርቡ ባለሙያው የሚያነጋግራችሁ እንደ አቤት ባይ ሳይሆን እንደ ሥራ ባልደረባ ነው።

ቁጥሩ ምን ማለት እንደሆነ ለእድርተኛው የምታስረዱበትን መንገድም ያዙ። በደረቅ አስፋልት በ30 የሚነዳ ሹፌር ልጅ ዘሎ ቢገባበት፣ አይቶ እስኪረግጥና መኪናው እስኪቆም 13 ሜትር ያህል ይሄዳል፤ አንድ የከተማ አውቶቡስ የሚያህል ርዝመት ነው። በ50 ከሆነ 28 ሜትር ገደማ ያስፈልገዋል። ክረምት ገብቶ አስፋልቱ ርሶ፣ ቁልቁለቱ ተጨምሮበት በ50 ከወረደ ደግሞ ወደ 45 ሜትር ይጠጋል። የእንጦጦ ጭጋግ በወረደበት ጠዋት 45 ሜትር ርቆ ያለ ሰው አይታይም። የዓለም ጤና ድርጅት የሚጠቅሰው ሌላ ቁጥር አለ፦ አማካይ ፍጥነት በ1 በመቶ ሲጨምር ሰው የሚሞትበት አደጋ የመድረስ ዕድሉ በ4 በመቶ ያህል ይጨምራል።

የአደጋ ደብተር

ከመለካቱ ጎን ለጎን አንድ ደብተር ክፈቱ። ባለፉት ሦስት ዓመታት በመንገዱ ላይ የደረሰውን የሚያስታውስ ሰው ሁሉ ይጠየቅ፦ ባለሱቁ፣ የቤተ ክርስቲያን ዘበኛው፣ ጀበና ቡና የምታፈላዋ፣ ተራ አስከባሪዎቹ። ቀኑን በግምት፣ ቦታውን በትክክል፣ ምን ዓይነት መኪና እንደነበረና ምን ጉዳት እንደደረሰ ጻፉ። ሰው ያልተጎዳበትንም አትዝለሉ፤ ፍሬን እምቢ ብሎት አጥር ጥሶ የገባ አይሱዙ፣ ለጥቂት የዳነች አህያ፣ የተገጨ የመብራት ምሰሶ ሁሉ መረጃ ነው። የተጎጂ ስም አትጻፉ፤ ቤተሰቡ ካልፈለገ ሐዘኑን ለዘመቻ ማዋል ነውር ነው። ከዚህ በኋላ አደጋ ሲደርስ ደግሞ መጀመሪያ አምቡላንስ በ907፣ ፖሊስ በ991፤ ደብተሩ ይደርሳል።

የፖሊስን መዝገብም ጠይቁ። የመረጃ ነፃነትን የሚመለከተው አዋጅ ቁጥር 590/2000 ማንኛውም ሰው ከመንግሥት አካል መረጃ እንዲጠይቅ ይፈቅዳል፤ የተጠየቀው መሥሪያ ቤትም በ30 ቀን ውስጥ እንዲመልስ ያዛል። «በዚህ መንገድ ላይ ባለፉት ሦስት ዓመታት የተመዘገቡ አደጋዎች ብዛት፣ ቦታና ዓይነት» ብላችሁ በጽሑፍ አቅርቡ። ዝም ከተባላችሁ አቤት የሚባለው የኢትዮጵያ ሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋም ዘንድ ነው።

ሰው ሰብስቡ፤ ሹፌሮቹንም

አዲስ ኮሚቴ ለማቋቋም አትድከሙ። እድር አላችሁ። አባል አለው፣ መዝገብ አለው፣ ማህተም አለው፣ በየወሩ ይሰበሰባል፤ ከሁሉም በላይ በመኪና አደጋ የሞተን ሰው የቀበረው እሱ ነው፣ ጉዳዩን ማንም ሊያስረዳው አይገባም። በወር ስብሰባው ላይ ሩብ ሰዓት ጠይቁ፣ የለካችሁትን አንብቡ፣ ሦስት ሰው አስመርጡ፦ አንድ የሚጽፍ፣ አንድ ቢሮ የሚመላለስ፣ አንድ ሴት ደግሞ የግድ። ልጅ ይዞ መንገድ የሚያቋርጠው፣ ሸክም ይዞ ዳር ዳሩን የሚወርደው በአብዛኛው ሴት ነውና የት ላይ መሻገሪያ እንደሚያስፈልግ ከአባወራዎቹ ይልቅ ሴቶቹ ያውቁታል። የትምህርት ቤቱ ወላጅና መምህራን ኅብረትና የደብሩ ሰበካ ጉባኤ በፊርማ ቢጨመሩ አቤቱታው ክብደት ያገኛል።

ብዙ ሰፈሮች የሚሳሳቱት ሹፌሩን ጠላት በማድረግ ነው። የሚኒባስ ሹፌር ለባለቤቱ የሚያስገባው የቀን ገቢ አለበት፤ አንድ ዙር በጨመረ ቁጥር ነው ለእሱና ለረዳቱ የሚተርፈው። ይህን ኑሮ ስብከት አይቀይረውም። ነገር ግን ያው ሹፌር በዚህ ሰፈር የሚያድር፣ ልጁ በዚህ ዜብራ የሚሻገር ሊሆን ይችላል። ታክሲ ተራው ሄዳችሁ ከተራ አስከባሪዎቹ ጋር ተቀመጡ፤ ቦታውን እነሱ ይጠቁሙ። ሹፌር የማይጠላው ጉብታ የሚባል ነገር አለ፦ ከሩቅ የሚታይ፣ መኪና የማይሰብር፣ ትክክለኛ ቦታ ላይ ያለ። ሲኖትራክን «ቀይ ሽብር»፣ አይሱዙን «አልቃይዳ» እያልን መጥራቱን ለቀልድ እናቆየውና ድንጋይና አሸዋ የሚያመላልሱትን ባለንብረቶች ግን አነጋግሩ፤ ከእነሱ የምትፈልጉት ግልጽ ነገር ነው፦ ቁልቁለቱን በፍሪ ማርሽ አለመውረድ፣ ተማሪ በሚወጣበት ሰዓት አለማለፍ።

ምን እንደምትጠይቁ ወስኑ

እዚህ ላይ ረጋ በሉ፤ የእንጦጦ መንገድ ከቦሌ መንገድ ይለያል።

የሁሉም ሰው የመጀመሪያ ሐሳብ ጉብታ ነው። በሜዳማ የሰፈር መንገድ ላይ ጥሩ ሐሳብ ነው፤ በትክክል ከተሠራ። ትክክለኛ ጉብታ ቁመቱ ከ10 ሴንቲሜትር አይበልጥም፣ በመኪናው አቅጣጫ ሲለካ ግን ወደ 4 ሜትር ይረዝማል፤ ዝርግ ነው፣ በ30 ለሚያልፍ ምቹ፣ በ50 ለሚመጣ የሚቆረቁር። በየሰፈሩ የምናየው አጭርና ሹል ጉብታ ግን መኪናን ከሥር ይፈትጋል፣ ሞተረኛን ይጥላል፣ ወላድ የያዘ አምቡላንስን ያንገላታል። አንድ ጉብታ ብቻውንም አይሠራም፤ ሹፌሩ ያልፈውና የባከነበትን ጊዜ ለማካካስ ይረግጣል። በ100 ሜትር ርቀት ወይም ከዚያ ባነሰ ተከታትለው ሲመጡ ነው ፍጥነቱ የሚረጋው።

ቁልቁለቱ በጣም ሲበረታ ጉብታ መፍትሔ መሆኑ ይቀርና ራሱ አደጋ ይሆናል። በብዙ አገር የመሐንዲሶች መመሪያ ከ8 በመቶ በላይ ባዘቀዘቀ መንገድ ላይ ጉብታ አይመከርም፤ በ100 ሜትር 8 ሜትር መውረድ ማለት ነው። ፍሬኑ ግሎ የሚወርድ ከባድ መኪና ጉብታ ሲያጋጥመው ጭነቱ ወደፊት ይገፋዋል። ስለዚህ በእንጦጦ ዳገት ላይ ጉብታ ስትጠይቁ መንገዱ ለጥ የሚልባቸውን ቦታዎች ፈልጉ፦ ቤተ ክርስቲያን በር፣ ትምህርት ቤት ፊት፣ ቁልቁለቱ ከመጀመሩ በፊት ያለው ሜዳ። ሹፌሩን ወደ ዝቅተኛ ማርሽ ማስገባት የሚቻለው ከላይ፣ ገና ሳይወርድ ነው።

ለቀሪው ቦታ ሌላ ነገር ጠይቁ። የእግረኛ ማቋረጫው ከፍ ብሎ እንደ ጠፍጣፋ ጉብታ ቢሠራ እግረኛው ከእግረኛ መንገዱ ሳይወርድ ይሻገራል፣ መኪናው ግን ቀስ ለማለት ይገደዳል፤ ተማሪ ለሚበዛበት ቦታ ከዚህ የተሻለ አላውቅም። ለከባድ ቁልቁለት ደግሞ መንገዱን ማጥበብ ይሠራል፦ የመኪናው መተላለፊያ ጠበብ፣ የእግረኛው ሰፋ። ኩርባ ከመድረሱ በፊት ጎማን የሚያንቀጠቅጡ መስመሮች፣ ገደል በኩል የብረት መከላከያ፣ «በዝቅተኛ ማርሽ ውረድ» የሚል ምልክት፣ የመንገድ መብራት፤ እነዚህ ሁሉ ዝርዝር ውስጥ ይግቡ። ቁጥሩ 30 የሆነ የፍጥነት ወሰን ምልክትም ጠይቁ፤ ብቻውን ብዙ አይሠራም፣ ለትራፊክ ፖሊሱ ግን የሕግ መያዣ ይሆነዋል። የካቲት 2012 ዓ.ም. ስቶክሆልም ላይ የተሰበሰቡት የዓለም ሚኒስትሮች ሰውና መኪና በሚቀላቀልበት ቦታ ከፍተኛው ፍጥነት 30 እንዲሆን መስማማታቸውን ብትጠቅሱ አያስነውርም።

ስለ እንጨት ተሸካሚዎቹ አንድ ነገር ልበል። ለአንዳንድ ሰው የመንገድ ደህንነት ሲባል የሚታየው እነሱን ከመንገዱ ማስወጣት ነው። እንዲህ ዓይነት ሐሳብ በስብሰባችሁ ላይ ሲነሳ ቶሎ ዝጉት። ከእነሱ አንዷ ተሸክማ የምትወርደው ጭነት በሁለቱም በኩል ከትከሻዋ አልፎ ይወጣል፤ የሚያስፈልጋት ያን የሚያስችል ሰፊ የእግረኛ መንገድ ነው። ለእሷ የሚበቃ መንገድ ለተሽከርካሪ ወንበርም፣ ለሕፃን ጋሪም፣ ለሯጭም ይበቃል።

በቋሚነት ለመሥራት በጀት የለም ከተባላችሁ ሙከራ ጠይቁ። በዚሁ ከተማ ለገሀር መገናኛ ላይ ከዓመታት በፊት ማዕዘኖቹ በቀለምና በአበባ ማስቀመጫ ተከልለው ለእግረኛ ተሰጥተው ነበር፤ ብዙ ሲሚንቶ ሳይፈስ የመገናኛው መልክ ተቀየረ። በቀለምና በፕላስቲክ ምሰሶ የሚጀመር ነገር ከተሳሳተ ይነሳል፣ ከሠራ ይጸናል። በዳሬ ሰላምም በትምህርት ቤቶች ዙሪያ የእግረኛ መንገድ፣ ጉብታና ማቋረጫ የሠራ ፕሮግራም ፍጥነትንም ጉዳትንም ቀንሶ በ2019 እ.ኤ.አ. ዓለም አቀፍ ሽልማት አግኝቷል፤ ከእኛ እጅግ የተለየ ከተማ አይደለም።

ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ የኮሪደር ልማት በደረሰባቸው አካባቢዎች መንገዱ ሰፍቷል፣ አስፋልቱም ለስልሷል። እግረኛው ሰፊ መሄጃ ማግኘቱ ትልቅ ነገር ነው፤ የለሰለሰ አስፋልት ግን ፍጥነትን ይጋብዛል። ግንባታው ወደ እናንተ እየመጣ ከሆነ ጥያቄያችሁን ከአስፋልቱ በፊት አድርሱ።

በራሳችሁ እጅ ግን ምንም አትገንቡ። አፈር ቆልሎ፣ ድንጋይ ደርድሮ፣ የመርከብ ገመድ ወይም አሮጌ ጎማ አጋድሞ ፍጥነት መቀነስ በየሰፈሩ የታየ ነው፤ የምሬት ሥራ ስለሆነ አልፈርድበትም። በሌሊት ያላየው ሞተረኛ ሲወድቅበት ግን ተጠያቂው ያጋደመው ሰው ነው፤ ቢሮው ዘንድ ያላችሁ ተሰሚነትም በዚያው ያልቃል።

ደብዳቤው

ከአንድ ገጽ አይብለጥ። የሚከተለውን አቀማመጥ ተጠቀሙ፦

«ለአዲስ አበባ ከተማ አስተዳደር ትራፊክ ማኔጅመንት ባለስልጣን። ጉዳዩ፦ ከ… እስከ … ባለው መንገድ ላይ የፍጥነት መቀነሻ ሥራ እንዲሠራልን ስለመጠየቅ። እኛ ፊርማችን የተያያዘው በየካ ክፍለ ከተማ ወረዳ … ነዋሪዎች በመንገዱ ላይ በ… ቀን በሦስት የተለያዩ ሰዓታት … ተሽከርካሪዎችን ለክተን ከመቶው 85ቱ እስከ … ኪሎ ሜትር በሰዓት፣ ቀሪዎቹ ከዚያ በላይ እንደሚነዱ አረጋግጠናል። ባለፉት ሦስት ዓመታት የደረሱ … አደጋዎች ዝርዝር ተያይዟል። ስለሆነም 1ኛ በትምህርት ቤቱ በር ከፍ ያለ የእግረኛ ማቋረጫ፣ 2ኛ ከቁልቁለቱ በላይ ባለው ሜዳ ሁለት ተከታታይ ጉብታዎች ከነምልክታቸው፣ 3ኛ በግራ በኩል … ሜትር የእግረኛ መንገድ እንዲሠራልን፣ ለዚህም ባለሙያ ተመድቦ ከእኛ ጋር ቦታውን እንዲያይ እንጠይቃለን።»

ከሥሩ ግልባጭ፦ ለመንገዶች ባለስልጣን፣ ለክፍለ ከተማው፣ ለወረዳው፣ ለአካባቢው ትራፊክ ፖሊስ። አባሪ፦ የመለኪያ ሰንጠረዥ፣ የአደጋ ዝርዝር፣ በእጅ የተሣለ የቦታ ንድፍ፣ ፊርማዎች። «አስቸኳይ መፍትሔ እንዲሰጠን» የሚለውን ተዉት፤ ማንም ቢሮ ውስጥ አስቸኳይ ያልሆነ ደብዳቤ የለም። ቦታውን መጥቶ የሚያይ ባለሙያ መጠየቁ ግን ዋናው ዘዴ ነው፤ ትንሽ ጥያቄ ስለሆነ እምቢ ለማለት አይመችም፣ ባለሙያው አንዴ ቁልቁለቱ ላይ ከቆመ ደግሞ ደብዳቤው የማያስረዳውን ያያል። ተማሪ በሚወጣበት ሰዓት አስመጡት።

ስታስገቡ የራሳችሁ ቅጂ ላይ የገቢ ቁጥርና ቀን አስመቱ። የገቢ ቁጥር የሌለው ደብዳቤ አልገባም ማለት ነው።

መከታተል

የመንግሥት በጀት ዓመት ሐምሌ 1 ይጀምራል፤ ዕቅዱ የሚሰናዳው ግን ከወራት አስቀድሞ ነው። ደብዳቤያችሁ ከፋሲካ በፊት ቢገባ ይመረጣል። በሰኔ የገባ ጥያቄ «ለሚቀጥለው ዓመት» ይባላል፣ በክረምትም ቀለም አይቀባም።

ቢሮ የሚመላለሰው ሰው በሁለት ሳምንት አንዴ ይሂድ፤ ሁልጊዜ ያው ሰው፣ ሁልጊዜ የገቢ ቁጥሩን ይዞ፣ ሁልጊዜ በትሕትና። የተባለውንና ያለውን ሰው የሥራ ኃላፊነት ከነቀኑ ይጻፍ። «ስብሰባ ላይ ናቸው» ሲባል ተናዶ መመለስ ሳይሆን ጸሐፊዋን መቼ እንደሚመቻቸው ጠይቆ መመለስ ነው። ወረዳው የሕዝብ መድረክ ሲጠራ ሦስታችሁም ተገኙ፣ ጥያቄውንም በአንድ ደቂቃ አቅርቡ። ከተማው በ2009 ዓ.ም. ይፋ ያደረገው የመንገድ ደህንነት ስትራቴጂ የሞትና የከባድ ጉዳትን ቁጥር ለመቀነስ ግብ ጥሏል፤ የምትጠይቁት ከተማው ራሱ ቃል የገባውን ነው፤ ይህን በመድረኩ ላይ ማስታወስ ከጩኸት ይበልጣል።

ወራት አልፈው መልስ ከጠፋ ሬዲዮ ጣቢያዎች አሉ፤ ከሰንጠረዡ ጋር ሂዱ። ሰላማዊ ሰልፍና አቤቱታ በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 30 የተጠበቀ መብት ነው፤ ሰልፍ ካሰባችሁ በአዋጅ ቁጥር 3/1983 መሠረት ከ48 ሰዓት በፊት በጽሑፍ ማሳወቅ አለባችሁ። መንገድ መዝጋት ግን ሰው ያስቆጣል፣ ጉዳያችሁንም ከትራፊክ ጉዳይ ወደ ጸጥታ ጉዳይ ይወስደዋል። ከዚያ ይልቅ ከተማው በ2011 ዓ.ም. የጀመረው «መንገድ ለሰው» የሚባል የእሁድ ልማድ አለ፤ ለጥቂት ሰዓት መኪና ቀርቶ ሰው በአስፋልቱ ላይ ይሮጣል፣ ልጆች ይጫወታሉ። መንገዳችሁ በዚያ እንዲካተት ጠይቁ። ያለ መኪና አንድ ጠዋት ያየው ሰፈር ለቀሪው ጥያቄ ፊርማ አይነፍግም። ኔዘርላንዶችም የጀመሩት ከዚህ ብዙ ባልራቀ ቦታ ነው፦ በ1971 እ.ኤ.አ. ብቻ ከ400 በላይ ሕፃናት በመንገድ ላይ ሲሞቱባቸው ወላጆች ተደራጅተው መንገዱን ለልጆች አስመልሰዋል። ከግማሽ በላይ የሚሆነውን የከተማ መንገዷን በ30 የወሰነችው ሄልሲንኪ ደግሞ ከሐምሌ 2024 እስከ ሐምሌ 2025 እ.ኤ.አ. አንድም ሰው በትራፊክ አደጋ አልሞተባትም።

እስከዚያ

መልሱ እስኪመጣ የሚሠራ አለ። ተማሪ ትራፊኮች በጠዋትና በመውጫ ሰዓት እንዲቆሙ ከትምህርት ቤቱና ከትራፊክ ፖሊስ ጋር ተነጋገሩ፤ አዋቂ አብሯቸው ይሁን እንጂ ብቻቸውን ቁልቁለት ላይ አይቁሙ። ምልክት የሸፈነ የባህር ዛፍ ቅርንጫፍ ካለ ወረዳውን አስፈቅዳችሁ ቁረጡ። በየበራችሁ ውጭ መብራት አብሩ። የእግረኛ መሄጃ ላይ የቆለላችሁትን አሸዋና ብሎኬት አንሡ፤ እግረኛውን ወደ አስፋልት የሚያወርደው ብዙ ጊዜ እሱ ነው፣ ባለሙያው ሲመጣም መጀመሪያ የሚያየው እሱን ነው። ጎህ ሳይቀድ ለምትሮጡና ለቅዳሴ ለምትወጡ ደግሞ ነጭ ነጠላ በጭጋግ ውስጥ አይለይም፤ ሽቅብ በሚወጣው ሳይሆን ቁልቁል በሚመጣው መኪና ፊት ለፊት ተጓዙ፣ ባትሪ ያዙ።

ሲሠራ ቆማችሁ ተመልከቱ። ጉብታው ያለ ምልክትና ያለ ቀለም ተትቶ እንዳይሄድ፣ የጎርፍ መውረጃውን እንዳይዘጋ በዚያው ቀን ተናገሩ፤ የእንጦጦ ጎርፍ አንድ ክረምት በቂው ነው። ሥራው ካለቀ ከሦስት ወር በኋላ በዚያው ቦታ፣ በዚያው ሰዓት፣ በዚያው መንገድ መቶ መኪና ደግማችሁ ለኩ። ከቀነሰ ውጤቱን ለሠራው መሥሪያ ቤት ከምስጋና ጋር ላኩ፣ ለታችኛው ሰፈር እድርም ቅጂ ስጡ። ካልቀነሰ ሁለተኛውን ደብዳቤ በአዲሱ ቁጥር ጻፉ። ገና ያልጀመራችሁ ደግሞ በዚህ ሳምንት ወረዳ ጎራ በሉና መንገዱ የማን እንደሆነ ጠይቁ።